«ካንሰር ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምን ልመልስለት?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 35 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በሰፈራችን የጤና ቡድን ውስጥ ዘወትር እሁድ ጠዋት ኳስ እንጫወታለን። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የቡድናችን ልጅ ነው። እሱ መሐል ሜዳ፣ እኔ ከኋላው ተከላካይ ሆነን ዘጠኝ ዓመት አብረን ተጫውተናል። ከሜዳ ውጭም እንደ ወንድም ነን፤ የልጄ ክርስትና አባት እሱ ነው።

የዛሬ ስድስት ወር ገደማ ሆዱን ያመው ጀመር፤ ክብደቱም ቀነሰ። ተመርምሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለእሱ የተነገረው «የአንጀት ቁስለት ነው» ተብሎ ነው። ታላቅ ወንድሙ ግን ለብቻዬ ጠርተውኝ የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ጉበቱና ወደ ሳንባው መሰራጨቱን ነገሩኝ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም» ብሏቸዋል። ትንፍሽ እንዳልል በልጄ አስምለውኛል። ባለቤቱ ታውቃለች፤ ማታ ማታ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እሱ በየሁለት ሳምንቱ ሆስፒታል እየሄደ በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ «ማጠናከሪያ ነው» ይሉታል።

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ስመልሰው መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና «አንተ አትዋሸኝም። ካንሰር ይሆን እንዴ?» አለኝ። ደነገጥኩ። «ኧረ ተው፣ ምን ሆነሃል» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አጭር አጭር ነው የሚመልስልኝ።

በዚህ ላይ የቡድናችን ልጆች ወደ ሕንድ ለመላክ ብለው የገቢ ማሰባሰቢያ ግጥሚያ አዘጋጅተዋል። ፎቶውን አድርገው ፖስተር ሠርተዋል፤ በቴሌግራም ሊለቁት ነው። እሱ የቡድኑ ዓመት በዓል መስሎት «እኔም ማሊያዬን ለብሼ እገባለሁ» እያለ ነው። ብናገር ቤተሰቡን ከዳሁ፣ ዝም ብል እሱን። ምን ላድርግ?»

ግራ የገባው ተከላካይ

ውድ ጠያቂያችን፣

ሌላውን ከማንሳታችን በፊት ያንን ፖስተር ዛሬ አስቁመው። ፎቶውና «በካንሰር የሚሰቃየው ወንድማችን» የሚለው ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ስልኩ ላይ ይደርሳል። በሽታውን ከሐኪሙ ወይም ከወንድሙ ሳይሆን ከማያውቀው ሰው «አይዞህ» መልእክት ሊሰማ ነው። ለቡድኑ ልጆች ሁሉንም ነገር መዘርዘር አይጠበቅብህም፤ «እሱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ምንም አይለቀቅም፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ማለት ይበቃል። የሕክምና ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ ለማስታወቂያ ያዘጋጀ ካለም ያጥፋው።

አሁን ወደ መኪናው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ሰው በሽታውን በስሙ ጠርቶ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ነገር ለብቻው አስቦ ጨርሷል። በየሁለት ሳምንቱ ለሰዓታት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፀጉራቸው የረገፈ ሰዎች አብረውት ይቀመጣሉ። የመድኃኒቱ ስም ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ስልክ ኪሱ ውስጥ አለ። «ማጠናከሪያ ነው» የሚለውን ከልቡ የተቀበለ ይመስልሃል? እኔ እንደሚመስለኝ በሽታውን አውቆታል፣ ቢያንስ አጥብቆ ጠርጥሯል፤ የቸገረው የሚያዋየው ሰው ማጣቱ ነው። ስልክ ላይ አጭር የሚመልስልህም ስለተቀየመህ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንተን እንዳያስጨንቅ ብሎ ይሆናል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው።

ታላቅ ወንድሙን ክፉ አድርገህ አትያቸው። እኛ አገር ክፉ ወሬ በዘፈቀደ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ በጠዋት፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። እሳቸውም ያንን ሸክም ለብቻቸው ተሸክመው ወንድማቸውን እየጠበቁ ነው። ነገር ግን መርዶ ለቋሚ የሚነገር የሰው ሞት ነው፤ የጓደኛህ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ሕይወት ነው፣ ገና ብዙ የሚወስነው ነገርም አለው። መሐላውንም አስተውለው፦ ያስማሉህ «አትንገረው» ብለው ነው፤ ሲጠይቅህ ዋሸው አላሉህም። በሁለቱ መካከል የምትቆምበት ቦታ አለ።

መጀመሪያ ወደ ወንድሙ ሂድ። «የማወቅ መብት አለው» ብለህ አትጀምር፤ ወዲያው ክርክር ይሆናል። ለብቻቸው ስታገኛቸው እንዲህ ልትላቸው ትችላለህ፦ «ጋሼ፣ እሱ ራሱ ጠየቀኝ። ካንሰር ይሆን ወይ አለኝ። እርስዎንስ ጠይቆዎት ያውቃል? ቢያውቅ ምን ይሆናል ብለው ነው የሚሰጉት?» ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጣቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ተስፋ ቆርጦ ቶሎ ይሞትብኛል» የሚል ነው። ይህን ስጋት አታጣጥለው። ግን መደበቁ ምን እንደሚያስከትል በተጨባጭ ንገራቸው። «ለቁስለት ብዬ ይህን ሁሉ ማቅለሽለሽ አልችልም» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ትኩሳት ሲመጣበት «ብርድ ነው» ብሎ ተኝቶ ሊያድር ይችላል። የባንክ ሒሳቡ፣ የቤቱ ካርታ፣ የልጆቹ ነገር አለ፤ ውክልና የሚያገለግለው ወካዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው፣ ኑዛዜም የሚጻፈው አእምሮው ጥርት ብሎ ሳለ ነው። ይህን ሁሉ ምን እንደያዘው ያላወቀ ሰው እንዴት ያሰናዳዋል?

ከዚያ መካከለኛ መንገድ አቅርብላቸው፦ የሚናገረው ሐኪሙ ይሁን። ሐኪሙም በሽታውን ከመናገሩ በፊት ጓደኛህን ራሱን ይጠይቀው፦ «ስለ ሕመምህ እስካሁን ምን ተነገረህ? ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ለአንተ እንንገርህ ወይስ ወንድምህ እንዲያውቅልህ ትመርጣለህ?» «እሱ ይወቅልኝ» ካለ ያ የራሱ ውሳኔ ነው፤ ይከበራል። «ንገሩኝ» ካለም የሚሰማው ባለቤቱና ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጠው ነው። ለዚህ ጉዳይ ለብቻው ቀጠሮ ይያዝ። በተራ ምርመራ መካከል ኮሪደር ላይ ቆሞ የተነገረ ነገር ሰው ውስጥ አይገባም። ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ባይሆን ይመረጣል፤ በማግሥቱ ጥያቄ ሲመጣበት የሚያገኘው ሐኪም ይኖር። ያን ዕለት ማታ ቤት ውስጥ አብሮት የሚያድር ሰው ቢኖርም ጥሩ ነው። «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብሎ ከጠየቀ ሐኪሞች ቁርጥ ያለ ቀን አይሰጡም፤ «ወራት» ወይም «ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት» የመሰለ ግምት ይሰጣሉ፤ በግምቱ ላይ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ወንድሙ እምቢ ቢሉስ? ያን ጊዜም አንተ ወሬውን ይዘህ አትሄድም፤ ግን ሁለተኛ አትሸሸውም። ዛሬ ነገ ሳትል ቤቱ ሂድና እንዲህ በለው፦ «ያን ቀን መኪና ውስጥ ስትጠይቀኝ ሸሸሁህ። ደንግጬ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አልዋሽህም። ማወቅ ከፈለግክ ሐኪሙን ራስህ ጠይቀው፤ ቀጠሮህ ላይ አብሬህ እገባለሁ።» ሕመምተኛው ራሱ ፊት ለፊት ሲጠይቅ የሚዋሽ ሐኪም ጥቂት ነው። ካልከው በኋላ ዝምታውን አትሙላው። ሊያለቅስ ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል፣ ስለ ሌላ ነገርም ሊያወራ ይችላል። ወሬውን ከቀየረ አብረህ ቀይር፤ እስከፈለገበት ድረስ ብቻ ሂድ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ገና ሲሰማ ሰው ሁሉ አቢዳልን ይጠቅስለታል። ነገሩ እውነት ነው፤ የባርሴሎናው ኤሪክ አቢዳል መጋቢት 2011 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 28 ዌምብሌይ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜን ተጫወተ። አምበሉ ፑዮልም የአምበልነቱን መለያ እጁ ላይ አስሮለት ዋንጫውን ቀድሞ እንዲያነሳ አደረገው። ነገር ግን የአቢዳል ዕጢ ተቆርጦ የሚወጣ ነበር፤ በ2012 ደግሞ የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል። የጓደኛህ ከአንድ አካል አልፎ ተሰራጭቷል። «አቢዳል ድኗል፣ አንተም ትድናለህ» ሲባል የሚሰማው «መዳን ካልቻልኩ ደካማ ነኝ ማለት ነው» የሚል ይሆናል።

ከእናንተ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የሌላ ቡድን ታሪክ ነው። የእንግሊዙ ሊድስ ራይኖስ የራግቢ ተጫዋች ሮብ በሮው በታኅሣሥ 2019 ሞተር ኒውሮን የሚባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድና መዳኛ የሌለው በሽታ እንደያዘው ተነገረው። ጥር 12 ቀን 2020 በተዘጋጀ ግጥሚያ ላይ ማሊያውን ለብሶ የገባው ለመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ብቻ ነበር። የቀድሞ አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ7 ቀን 7 ማራቶን ሮጠ፤ ሰባት የጓደኛው የማሊያ ቁጥር ነው። 77,777 ፓውንድ ለመሰብሰብ አስቦ ቢነሳም ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በሮው ሰኔ 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ ዐርፏል። ይህን ያነሳሁት ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። በሮው በሽታውን በስሙ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ 5 ደቂቃውንም፣ ስሙ አደባባይ መውጣቱንም፣ ጓደኛው ስለ እሱ መሮጡንም መርጦ ፈቅዷል። የእናንተ ግጥሚያ እስካሁን የጎደለው ይህ ፈቃድ ነው።

መጫወቱን በተመለከተ «አይሆንም» ብለህ አትዝጋው፤ የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ለትልቁ አንጀት ካንሰር በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጠው መድኃኒት ነጭ የደም ሴልንና ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ክፍል) ያወርዳል፤ ዝቅ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ዙር በመግቢያው የሚሠራለትን የደም ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ፕላትሌቱ ከ50,000 በታች ከሆነ ሰው የሚጋጭበት ጨዋታ ቀርቶ መውደቅም አደገኛ ነው። ጉበቱ ካበጠ የክርን ምት ሆድ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። በሽታው አጥንት ነክቶ እንደሆነም ይጠየቅ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ ደረቱ ላይ የመድኃኒት መስጫ ተቀብሮለት ከሆነ ወይም በቀዶ ሕክምናው ሆዱ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት ተደርጎለት ከሆነ ይህም ይነገር።

ሐኪሙ ከፈቀደ፣ 5 ወይም 10 ደቂቃ በጨዋታው መጨረሻ፣ ሜዳው ደረቅ በሆነበት ቀን፣ ሁለቱም ቡድን ሸርተቴ እንዳይኖር ተስማምቶ ይሁን። አንተ ከኋላው እንደ ድሮህ ቁም። ጎል ግን አታስቆጥሩለት። በረኛው ሆን ብሎ ሲወድቅ ዘጠኝ ዓመት ኳስ የተጫወተ ሰው ይገባዋል፤ ከዚያ የበለጠ የሚያዋርደው የለም።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ ላይ «ኦክሳሊፕላቲን» የሚል ካለ፣ ይህ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ብርድ ነርቭን ይነካል። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቶቹን ይወጋዋል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲጠጣ ጉሮሮው ተጨብጦ ትንፋሽ ያጠረው ይመስለዋል። ስለዚህ ሜዳ ዳር የቀዘቀዘ ውኃ ወይም አምቦ አትስጡት፤ ለብ ያለ ይሁን። የእሁድ ጠዋት ብርድ ላይ ጓንት ያድርግ፣ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን። ዙሩ በበዛ ቁጥር እግሩ እየደነዘዘ ስለሚሄድ ታኬታው መሬቱን በደንብ ላያሳውቀው ይችላል፤ እየተደናቀፈ ከሆነ ተቀይሮ መግባቱ ይቅርና ሌላ ሥራ ስጡት። አሰላለፍ ማውጣት፣ ቅያሪ መወሰን፣ የቡድኑን ደብተር መያዝ። ከቡድኑ ግሩፕ ዝም ብላችሁ እንዳታስወጡት፤ «እንዳይጨነቅ» ተብሎ የሚደረግ ነው፣ የሚሰማው ግን እንደ መቀነስ ነው።

ስለ ሕንዱ ጉዞ ቤት ከመሸጡ በፊት አንድ ሥራ አለ። የባዮፕሲውን (ከዕጢው ተቆርጦ የተመረመረውን ናሙና) ውጤት፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲና እስካሁን የወሰደውን መድኃኒት ዝርዝር ላኩና ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ፦ እዚህ የሌለ ምን ትሰጡታላችሁ? ዓላማው ማዳን ነው ወይስ ማራዘም፣ ማራዘም ከሆነስ በምን ያህል? የአስታማሚው ማረፊያና ምግብ ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ይመጣል? መልሱ «ያንኑ መድኃኒት» ከሆነ ገንዘቡ እዚህ ቢውል ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ ተበድሮ ሄዶ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ሆቴልና ሆስፒታል መካከል ጨርሶ ይመለሳል።

እዚህ የሚያስፈልገው በየወሩ የሚገባ ነው። የኮንትራት ታክሲ፣ የደም ምርመራ፣ ሆስፒታሉ ሲያጣ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የቤት ወጪ፣ የልጆች የትምህርት ክፍያ አለ። 24 አባላት በወር 500 ብር ቢያዋጡ 12,000 ብር ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ጮኾ ከሚያልፍ ግጥሚያ ይልቅ ይህ ቤቱን ያቆመዋል። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ አንዷ ባለቤቱ ትሁን። እሱ ከፈቀደ ግጥሚያውም ይደረግ፤ ፖስተሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን እሱ ይምረጥ።

ልትጠይቁት ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት ሳታልፉ ይሁን። «ብላ፣ ካልበላህማ» አትበሉት፤ የምግብ ፍላጎቱን ያጠፋው በሽታው ነው፣ ማስገደድ ያስታውከዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ሽታው ያልከበደ ነገር ይሻለዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ቴርሞሜትር ከሌላቸው ነገ ገዝተህ ውሰድ። ጠበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፣ በብርድ ከመጠመቅ በፊትም ከላይ ያልኩትን የብርድ ነገር አስታውሱ።

ሕመሙ ሲጠነክር ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን ሊያዝለት ይችላል። ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ «ሱሰኛ ይሆናል»፣ «ሞርፊን ከተሰጠ አበቃ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሽሮፑ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይወሰዳል፤ «ሲብስ ብቻ» እየተባለ ሲሰጥ ነው የማይሠራው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ያንቀላፋዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለምድም፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝለት። በድንገት አይቋረጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ የሕመም ማስታገሻ ክብካቤ ይሰጣል፤ ስለ እነሱ ሐኪሙን አሁኑኑ ጠይቁ፣ አልጋ ላይ እስኪውል አትጠብቁ።

አንተስ እንዴት ነህ? ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ራስህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያገኘሁት፣ «ደነገጥኩ» የሚለውን። ይህን ምሥጢር ይዘህ ከማን ጋር ታወራለህ? ባለቤትህ ታውቃለች? ካላወቀች ለእሷ መንገር የጓደኛህን ምሥጢር ማውጣት አይሆንም፤ ቤትህ ውስጥ አንድ ሰው ሊያውቅልህ ይገባል። በሆስፒታሉም የካንሰር ክፍል ነርሶች ቤተሰብ ያልሆነ አስታማሚንም ያናግራሉ።

ልጅህም የክርስትና አባቱን ከስቶ ያየዋል፤ መጠየቁ አይቀርም። ጓደኛህ ካወቀ በኋላ ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ለልጁ በአጭሩና በእውነት ንገሩት፦ «ሆዱን በጣም ታሟል፤ ሐኪሞች እየረዱት ነው፤ አንተ ያደረግከው ነገር አይደለም፤ ከአንተም አይጋባብህም።» «ይሞታል ወይ?» ካለ «ሊሞት ይችላል» ማለት ይቻላል። «ይተኛል» ወይም «ሩቅ አገር ይሄዳል» አትበሉት፤ ትንሽ ልጅ ከዚያ በኋላ መኝታ ይፈራል፣ ሻንጣ በያዝክ ቁጥርም ያለቅሳል።